ኖታዬን ነፋስ የወሰደው ዕለት

የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ የዜማ ኖታ የተጻፈበትን ወረቀት ከነፋስ የሚጠብቅ ሰው ከዘፋኙ እኩል የሚከበር ይመስለኝ ነበር። እንዲህ እንዳስብ ያደረጉኝ ጋሽ አዳሙ ናቸው። በወጣትነታቸው በማርሽ ባንድ ውስጥ ትራምፔት ይነፉ ነበር፤ ጡረታ ሲወጡ ወደ እንጅባራ ተመልሰው የትምህርት ቤታችንን የሙዚቃ ክበብ ያዙ። ጫማቸው ሁልጊዜ የተወለወለ፣ ሲያስተምሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ነበሩ። እኔ ደግሞ እሳቸው ያሉትን ሁሉ የማምን ልጅ ነበርኩ።

ክበቡ አንድ ኪቦርድ፣ አንድ አኮርዲዮንና ጥቂት ዋሽንቶች ነበሩት። አኮርዲዮኑ ለእኔ ደረሰ። ስከፍተው የቆየ ሻንጣ ሽታ ነበረው፤ ሐሙስ ሐሙስ ከልምምድ ስመለስ ያ ሽታ ደረቴ ላይ ተጣብቆ ቤት ድረስ ይከተለኝ ነበር። ቤታችን ከዘንገና ሐይቅ አጠገብ ስለሆነ መንገዱ ረጅም ነው፤ እኔ ግን ዜማውን በአፌ እያልኩት ስለምሄድ አይታወቀኝም ነበር።

ጋሽ አዳሙ ገና በመጀመሪያው ቀን ያስተማሩኝ አጨዋወት አልነበረም። አኮርዲዮን ሁለቱንም እጅ ስለሚይዝ ወረቀቱ በብረት ማቆሚያ ላይ ራሱን ችሎ መቆም አለበት አሉ። የምንጫወተው ደጅ ላይ ነበር፤ እንጅባራ ደግሞ ነፋሷ አይታመንም። ስለዚህ ጣቴን በምራቅ አርሼ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅን፣ ነፋሱ ከጀርባዬ መጥቶ ወረቀቱን ወደ ብረቱ እንዲጫነው ማቆሚያውን ማዞርን፣ አራቱን ጫፍ በልብስ መቆንጠጫ መያዝን፣ ማቆሚያው እንዳይወድቅ እግሩ ላይ ድንጋይ የሞላ ፌስታል ማንጠልጠልን አሳዩኝ። ቶሎ ስለገባኝ የሁሉንም ልጆች ኖታ የማሰር ኃላፊነት ሰጡኝ። መቆንጠጫዎቹን በጨርቅ ከረጢት ይዤ ስዞር ራሴን እንደ ትልቅ ሰው እቆጥር ነበር።

አባቴ መጀመሪያ ላይ ነገሩን አልወደደውም። ሴት ልጅ አኮርዲዮን ታቅፋ ሰው ፊት መቆሟ ምን ይጠቅማታል ብሎ ነበር። ጋሽ አዳሙ ቤታችን ድረስ መጥተው ከእናቴ ድንች በሚጥሚጣ እየበሉ አግባቡት። ከዚያ በኋላ አባቴ ማታ ማታ የዕለቱን ዜማ በአፌ እንድለው ይጠይቀኝ ጀመር። በጥር ወር ፈረሰኞች በሚሰበሰቡበት በዓል ላይ ክበባችን እንዲጫወት ሲጠራ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር መጥቶ እንደሚሰማኝ ነገረኝ።

የበዓሉ ዕለት ሜዳው በፈረስና በሰው ተሞልቶ ነበር። የተረገጠ ሣርና የፈረስ ላብ ይሸታል። ነፋሱ የክብር እንግዶቹ በተቀመጡበት በኩል ነበር የሚመጣው፤ ፊታችንን ወደ እነሱ ማድረግ ስለነበረብን ማቆሚያዎቹን ማዞር አልቻልኩም። ያለን ተስፋ መቆንጠጫው ብቻ ነበር። ከመቆንጠጫዎቹ ደግሞ አንዳንዶቹ በመንገድ ተሰብረው ለኪቦርዱ አልበቁም። የኪቦርዱ ተጫዋች ከፊት፣ ልክ በእንግዶቹ ትይዩ ነበር የተቀመጠው። ጋሽ አዳሙ ይህን አይተው ወደ እኔ መጡ።

«ያንቺን አውልቂና ለእሱ ስጪው» አሉኝ።

የእኔስ ወረቀት ምን ይሆናል ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አጠገብሽ ቆሜ በእጄ እይዝልሻለሁ። እኔ እያለሁ ምን ያስፈራሻል?»

አወለቅሁና ሰጠሁ። እውነትም አጠገቤ ቆመው ወረቀቱን ያዙልኝ። የመጀመሪያው ገጽ በደህና አለፈ፤ ሕዝቡ ማጨብጨብ ጀምሮ ነበር፤ አባቴንም ከጎረቤቶቹ መሃል አየሁት። ሁለተኛው ገጽ ላይ እንደደረስን ከእንግዶቹ አንዱ፣ ትልቅ ሹም ነው የተባለው ሰው፣ አጠገቡ ያለውን ባዶ ወንበር እያሳየ ጋሽ አዳሙን በእጁ ጠራቸው። ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸው አላዩኝም። እጃቸውን ከወረቀቱ ላይ አነሱና ኮታቸውን እያስተካከሉ ሄዱ።

ወረቀቶቹ አንድ ላይ ተነሡ። ሁለት እጄ አኮርዲዮኑ ውስጥ ነበር። ጣቶቼ ጥቂት ቦታ በልምድ ሄዱና ጠፋባቸው፤ ሌሎቹ የሚከተሉት እኔን ነበርና እነሱም አንድ በአንድ አቆሙ። ከዋሽንቶቹ አንዱ ብቻውን ትንሽ ቀጠለ። ከዚያ ሳቁ መጣ። ትዝ የሚለኝ አባቴ ነው። ጋቢውን ሰብስቦ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ከፈረሶቹ እግር ሥር ወረቀቶቼን ይለቅም ነበር።

ከተጫወትንበት መድረክ ጀርባ ሳለን ሹሙ መጥቶ ምን ሆናችሁ ብሎ ጠየቀ። ጋሽ አዳሙ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ በዚያው በማይጮኸው ድምፃቸው፦

«ኖታ የማሰር ኃላፊነት የእሷ ነው። አላሰረችም» አሉ።

የረሱት መሰለኝ፤ ትንሽ ብጠብቅ አስታውሰው የሚያርሙት መሰለኝ። በዚህ መሃል አባቴ ደረሰ፤ ሰምቷል። ወረቀቶቹን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ አለ።

«ይቅር ይበሉን፣ ጋሽ አዳሙ። ስንት ደክመውባት አሳፈረችዎ» አላቸው።

ጋሽ አዳሙ ወረቀቶቹን ተቀበሉት። ትከሻውን ቸብ አድርገው፣ ግድ የለም፣ ልጅ ናት፣ ትማራለች አሉት።

ወደ ቤት ስንመለስ ሁሉንም ለአባቴ ነገርሁት። ቆም ብሎ ሰማኝና፣ እንደዚያ ያለ ሰው በልጅ ላይ አይዋሽም አለኝ። ከዚያ ከጎረቤቶቹ ጋር በአገውኛ ማውራቱን ቀጠለ፤ እስከ ቤት ድረስም ወደ እኔ አልዞረም። ዜማ እንድልለትም ዳግመኛ አልጠየቀኝም። ወደ ክበቡ አልተመለስሁም። ለብዙ ሐሙሶች ግን ከትምህርት በኋላ በር ላይ ቆሜ ጋሽ አዳሙ እንዲጠሩኝ ጠብቄአለሁ።

አሁን ዳንግላ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። አምና እንጅባራ መናኸሪያ ሚኒባስ ስጠብቅ፣ በምርኩዝ የሚሄዱ ሽማግሌ አየሁ፤ በጫማቸው ነው ያወቅኋቸው። ተነሥቼ እጅ ነሣሁና ትርንጎ ነኝ አልኋቸው። ወዲያው አወቁኝ። ስለ አባቴ ጠየቁኝ፤ ካረፈ ሦስት ዓመት እንደሆነው ነገርኋቸው። ነፍስ ይማር፣ ጨዋ ሰው ነበሩ አሉ። ይህችን ቃል ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም።

«ጋሼ፣ አባቴ እርስዎን ይቅርታ የጠየቀው እኔ ባላጠፋሁት ነበር» አልሁ።

የምን ይቅርታ ቢሉኝ ኖሮ እሰናበታቸው ነበር። ሰዎች ሲሳፈሩና ሲወርዱ ትንሽ አዩ። ከዚያ፣

«አውቃለሁ፤ ያን ዕለትም አውቅ ነበር» አሉኝ።

የእኔ ሚኒባስ ሞላና ተሰናብቻቸው ተሳፈርሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ረስተውት ነው እያልሁ ስንት ዓመት ራሴን አጽናንቻለሁ፤ አሁን ያም ቀረብኝ። ዛሬ ለተማሪዎቼ ቃል ስገባ እጠነቀቃለሁ፣ ሰው ቃል ሲገባልኝም በልቤ አንድ ጊዜ አጣራለሁ። ደህና ነው የምኖረው። ግን አንዳንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ ያንን መንገድ እያንጎራጎረች የምትሄደውን፣ ትልቅ ሰው የነገራትን ሁሉ ሳታጣራ የምታምነውን ልጅ እናፍቃታለሁ።