ከኖራው መስመር የምታመልጠው ሮንዳ

በነብራስካ ሜዳ ነፋሱ አያርፍም፤ ሮንዳ ስታሴክ የምትባለው አሰልጣኛችንም አታርፍም።

በቆሎ እርሻ የከበባት ትንሿ ኮሌጃችን ለሴቶች ሶፍትቦል ቡድኗ ያየችው ሦስት ዋና አሰልጣኝ ነው። ሶፍትቦል ኳሷን በዱላ መትተው፣ ቤዝ የሚባሉትን አራት ማረፊያዎች በሩጫ ዞረው ሲመለሱ ነጥብ የሚቆጠርበት ጨዋታ ነው። ቡድኑን የመሠረቱት ሚስ አርቬላ ማሊያውን በእጃቸው እየሰፉ፣ አውቶቡሱን ራሳቸው እየነዱ አረጁበት። ከእሳቸው ቀጥሎ የመጣው ሰውዬ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ሲጠራው ዞር ብሎ እንኳ ሳያየን ሄደ። ሦስተኛዋ ሮንዳ ናት።

ስንት ከተማ አሰልጥናለች፤ የትም አልከረመችም። ቀድሞ ልቧ ይነሳል፣ መኪናዋ ይከተለዋል። እዚህ ግን ምን እንደነካት እንጃ፣ በረንዳዋን ቀለም ቀባች፤ "እዚሁ ባረጅስ?" ስትል ተሰማች። ወዲያው የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ዴል ጠራትና፣ "የዘንድሮው ዋንጫ ካልመጣ ሌላ ሰው እንፈልጋለን" አላት።

ልጆቹ አውቶቡስ ውስጥ እያጨበጨቡ ይዘፍኑባታል፦

ሮንዳ የኛ ኮች፣ እግርሽ መቼ ያርፋል፣
አንቺ ስታልፊ፣ አቧራሽ ይተርፋል።

የፍጻሜው ጨዋታ መጨረሻ ላይ በአንድ ነጥብ ተመርተናል፤ አንድ ሯጭ ዳኛው "ወጥታለች" ብሎ ከሰረዘብን ደግሞ አለቀ። ሮንዳ በሦስተኛው ቤዝ አጠገብ፣ በኖራ በተሰመረው የአሰልጣኝ ሳጥን ውስጥ መቆም ነበረባት። እሷ ግን ትወጣለች፣ ትገባለች።

"ኮች! ሳጥኑ ጠበበሽ እንዴ? ሰፋ ያለ እናሠራልሽ!" ይሏታል የባላጋራ ደጋፊዎች።

ኳሷ ተመታች፤ እስከ ጥግ አጥር ድረስ ተንከባለለች። ከሁለተኛው ቤዝ ቶኒ ቢቻም የምትባለው ሯጫችን ተነሳች፤ ወፍራም፣ ሳቂታ ልጅ ናት። ሮንዳ ክንዷን እያሽከረከረች "ሂጂ! ሂጂ!" አለች። ቶኒ ሦስተኛውን ቤዝ ስትዞር እግሯ ተጠለፈና በግንባሯ ተደፋች።

ሮንዳ አልቻለችም። ከመስመሩ ዘላ ወጣች፤ ልጅቷን ብብቷ ሥር ይዛ አቆመቻት።

"ወጥታለች!" አለ ዳኛው። "አሰልጣኟ ይዛታለች!"

ሯጭን በእጅ መርዳት ክልክል እንደሆነ ለስንቱ ልጅ ያስተማረችው ራሷ ሮንዳ ናት። ኳሷ ገና አጥሩ ሥር ነበረች። ዋንጫው እንዲህ ሄደ።

ከጨዋታው በኋላ ቶኒ ጉልበቷ ላይ በረዶ ይዛ ሮንዳ አጠገብ ተቀመጠች።

"ኮች... እነሳ ነበር እኮ።"

"አውቃለሁ የኔ ልጅ።"

"ታዲያ ምን ሆንሽ?"

"መጠበቅ አቃተኝ።"

በማግስቱ ዴል አሰናበታት። መኪናዋ ሲጫን ልናይ ጠበቅን፤ አልተጫነም። ወደ ቢሮው ተመልሳ፣ "ለሚመጣው ሰው ረዳት ልሁን" አለችው።

"ትቀልጃለሽ? ዋና የነበረ ሰው እዚህ ረዳት ሆኖ አያውቅም።"

"እኔ እጀምረዋለሁ።"

ሚስ አርቬላ ሲሰሙ ሳቃቸው አስነጠሳቸው። "አንቺ ጉደኛ! ይህን እግርሽን ማን ሊያስርልሽ ነው?"

"እግሬስ ይሩጥ፣ ሚስ አርቬላ። እጄን ብቻ ልያዘው።"

በሚቀጥለው ጸደይ የረዳቱን ቦታ፣ በመጀመሪያው ቤዝ አጠገብ ያለውን የአሰልጣኝ ሳጥን ሰጧት። ገና በመክፈቻው ጨዋታ አንዲት አዲስ ልጅ እግሯ ሥር ወደቀች። ሮንዳ ሁለት እጇን ከኋላዋ ቆልፋ፣ እንደ ታሰረ ፈረስ እየተንቆራጠጠች፣ "ተነሺ! ተነሺ እንጂ!" ትላለች። ልጅቷ አቧራውን ተፍታ፣ በአንድ ጉልበቷ ቆመች።