ከጠርሙስ የወጣው ጊሽጣ

ሠፈሩም መሥሪያ ቤቱም የሚያውቃት «እመት ጠርሙስ» በሚል ቅጽል ስም ነው። ፊት ለፊቷ ግን ማንም አይላትም፤ የሚደፍር ካለ ዳፋውን ራሱ ይችላል። ሥራዋ የጊሽጣ ዛፍን በላቦራቶሪ ማራባት ነው። ከደህና ዛፍ ላይ ጥፍር የምታህል ቡቃያ ትቆርጣለች፣ በአልኮልና በበረኪና ታጥባለች፣ እንደ ጄሊ የረጋ ምግብ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ትተክላለች፣ ከዚያ ትጠብቃለች። ሲያወሩት ቀላል ነው። ጊሽጣ ግን እልኸኛ ነው። ሲቆረጥ ጥቁር ፈሳሽ አውጥቶ የገዛ ምግቡን ይመርዛል፤ ከዚያ የተረፈውን ሻጋታ ይበላዋል፤ ከሻጋታ ያመለጠው ደግሞ ሥር አላወጣም ብሎ ያኮርፋል።

ለዓመታት ከጠርሙሱ የወጣላት ሻጋታ ብቻ ነበር። አለቆቿ «ተይው፣ በዘር ይበቅል የለም ወይ?» አሏት። በዘር የበቀለው እንደ እናቱ አይወጣም ብትል ማን ይስማት። እጁን ሳይታጠብ ክፍሏ የገባን ሰው፣ የመምሪያ ኃላፊም ቢሆን፣ በር ላይ አቁማ እንደ ሕፃን ታስታጥበዋለች። ባል ያጣችውም በዚሁ አመሏ ነው ይላሉ፤ «ከመተኛቱ በፊት በአልኮል መታሸት የሚፈልግ ወንድ የት ይገኛል» እያሉ ይስቁባታል። ቀልዱን ሰምታዋለች። አላሳቃትም።

በመጨረሻ አንዱ ሥር አወጣ። ከጠርሙስ ወጥቶ አፈር የለመደ የመጀመሪያው ችግኝ እሱ ነበር። ሌሎቹ ተከትለውት ለመሥሪያ ቤቱ ማሳ ሲበቁ፣ እሱን አስፈቅዳ ወደ ቤቷ ወሰደችውና ከእናቷ ጋር በምትኖርበት ግቢ ከቧንቧው አጠገብ ተከለችው። ዛፉ አድጎ አፈራ። አሮጊቷ እናቷ ከልጇ የልጅ ልጅ አላየችምና ዛፉን «የልጅ ልጄ» ትለው ጀመር። ስትቀልድ ነው፤ ግን ጠዋት ጠዋት ውኃ የምታጠጣው ራሷ ነበረች።

ከእመት ጠርሙስ ክፍል ማዶ ኬሚስቱ ይሠራል። እሷ ታራባለች፣ እሱ ይፈጫል። ቅጠሉን አድርቆና ጨምቆ በውስጡ ያለውን አንድ በአንድ ይለያል፤ ሰው ሁሉ መድኃኒት ነው የሚለው ዛፍ በእርግጥ መድኃኒት መሆን አለመሆኑን ማወቅ ነው ሥራው። አንድ ቀን ከምሳ ሲመለስ እጁን ታጥቦ ገባና ጠረጴዛዋ ላይ አንድ ፓኬት አስቀመጠ።

«እትዬ፣ ይቺ አንቺ አይደለሽም?»

ፓኬቱ የጊሽጣ ቅጠል ዱቄት ነው። ላዩ ላይ ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ጠርሙስ ከፍ አድርጋ ጥርሷ እስኪታይ ትስቃለች። ከሥሯ «በላቦራቶሪ የተጠና፤ ለግፊት፣ ለስኳር፣ ለዕጢ» ይላል። እመት ጠርሙስ እንደዚያ የሳቀችው በዕድሜዋ አንድ ቀን ነው፤ ችግኙ ሥር ያወጣ ዕለት። ፎቶውን ያነሳት ታላቅ ወንድሟ ነበር።

«ገበያ ውስጥ በየሱቁ ሞልቷል» አለ ኬሚስቱ። «እትዬ፣ የእኔን ውጤት ታውቂዋለሽ። ቅጠሉ የላቦራቶሪ ሳህን ላይ ያለ የዕጢ ሴል ገድሏል፤ በረኪናም ይገድላል። የነርቭ ሴሉንም አብሮ ነው የገደለው። ይሄን በየቀኑ የሚጠጣ ሰው እጁ መንቀጥቀጥ ቢጀምር እኔ አይገርመኝም።»

የእናቷ እጅ ትዝ አላት። ሰሞኑን ሲኒው ከማስቀመጫው ጋር ይንቀጫቀጭ ነበር። እርጅና ነው ብለው አልፈውት ነበር።

እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ቤት ገባች። በቀጥታ ወደ እናቷ ኮመዲኖ ሄዳ መሳቢያውን ሳበችው። ያለፈው ወርና የዚህ ወር የግፊት ክኒን እንደታሸገ ተቀምጧል። ወደ ግቢ ወጣች። ወንድሟ ከዛፉ ሥር አንሶላ ዘርግቶ ቅጠል ያሰጣል። እናቷ አጠገቡ ተቀምጣ፣ በሚንቀጠቀጥ ጣቷ ግንጣዩን ትለቅማለች።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ፓኬቱን እግሩ ሥር ወረወረችው።

«ምን ታካብጂያለሽ እታለም። ሰው ይጠቀም ብዬ ነው። አንቺ ጠርሙስ ውስጥ ደብቀሽው ልትሞቺ ነው?»

«ለግፊት ነው ብዬ መቼ ነገርኩህ?»

«እኔ አልዋሸሁም። በላቦራቶሪ የተጠና ነው የሚለው። አልተጠናም?»

ያሳበዳት ይሄ ነው። ተጠንቷል። ጥናቱ ምን እንዳለ ግን ፓኬቱ አይናገርም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ አንዷ ሳትመዝን ቃል አይወጣትም፣ አንዱ ነፋስም ቢሆን አሽጎ ይሸጣል።

ከእናቷ ፊት ቁጢጥ አለች። ስለ ነርቩ፣ ስለሚንቀጠቀጠው እጅ፣ ስላልተከፈተው ክኒን አንድ ሳታስቀር ነገረቻት።

«ወንድምሽን አምኜ መሰለሽ?» አለች እናትየው ሰምታ ስትጨርስ። «እሱማ ከጡት ሳይወርድ ጀምሮ ቀጣፊ ነው።»

ወንድሟ ቅጠሉን አገላበጠ።

«አንቺን አይቼ ነው ልጄ። ባል ሳትይ ልጅ ሳትይ ዕድሜሽን እዚህ ዛፍ ላይ ጨረስሽ። መድኃኒት ባይሆን እንዲህ ትሆኚ ነበር? እኔ ሞኝ አልወለድኩም።»

«እማዬ፣ የማጠናውኮ ስለማላውቀው ነው።»

«ታውቂዋለሽ። አንቺ ድሮም ፈሪ ነሽ።» ይህን ብላ የቅጠሉ ዱቄት የተበጠበጠበትን ብርጭቆ ከአጠገቧ አነሳች። አረንጓዴው ውኃ ጭኗ ላይ እየፈሰሰ ጠጣችው።

እመት ጠርሙስ ከዕቃ ቤት መጋዝ ይዛ ተመለሰች።

«አበድሽ እንዴ?» አለ ወንድሟ። «የመጀመሪያሽ እኮ ነው።»

የመጀመሪያዋ መሆኑን ከማንም በላይ ታውቃለች። በወንድሟ ተናዳለች፤ ጨጓራዋን ልጦታል። ፓኬቱ ላይ በምትስቀው ሴት ግን ይብስ ተናዳለች፤ ሁሉንም ያሳመነችው እሷ ናትና። መጋዙ እንጨቱ ውስጥ ሲገባ መዳፏ ተላጠ፤ አላቆመችም። ዛፉ ቧንቧው ላይ ሲወድቅ እናቷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

በማግስቱ ጠዋት በር ተንኳኳ። አንዲት ሴት ዱቄት ፈልጋ ነው። እመት ጠርሙስ ከመስኮቱ ሆና እናቷ በከዘራ እየተደገፈች ወደ በሩ ስትሄድ አየቻት።

«የለም» አለች እናቷ። «ልጄ ቆርጣዋለች።»

«ምነው? እሷ አይደለች እንዴ ያጠናችው?»

«እሷ ናት። እንደ ልጅ ያሳደገችውን በገዛ እጇ የቆረጠችው ወዳ መሰለሽ? አንቺም ያለሽን ድፊው።» በሩን ዘጋችው።

ገብታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና «ክኒኔን አምጪ» አለች።

እመት ጠርሙስ ክኒኑንና ውኃውን አመጣች። ንዴቷ ገና አልበረደም።

«ትናንት ስነግርሽ ብታምኚኝ ምን ነበረበት እማዬ?»

«ትናንትማ» አለች እናቷ፣ «ዛፉ ቆሞ ነበር።»

ብርጭቆውን ለእናቷ አልሰጠቻትም። ራሷ ይዛ አጠጣቻት።