ጠበል የተረጨባቸው ሳህኖች

ታናሽ ወንድሜ ጡንቻው እየሟሸሸ መራመድ ያቃተው በደርግ ጊዜ ነው። እኔ ያኔ ደብረ ብርሃን አንድ የእንስሳት ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራ ነበር። ጫጩት ከያዘ እንቁላል ወደፊት ጡንቻ የሚሆኑ ሴሎች እያወጣሁ በብርጭቆ ሳህን ላሳድግ እታገላለሁ። ምግባቸውን ከውጭ ለማስመጣት ምንዛሪ የለም ስለተባልኩ የበግ ደም እያጠለልኩ አበላኋቸው። አለቃዬ "ለአብዮቱ ምን ይፈይዳል?" ይለኛል። ስንቴ ሞቱብኝ። አንድ ማለዳ ግን በማይክሮስኮፕ ሳይ እንደ ክር ተያይዘው፣ እንደ ሕያው ጡንቻ ይኮማተራሉ።

እናቴ ወንድሜን ይዛ ከአንኮበር ስትመጣ ወስጄ አሳየኋት።

"ለሱ የሚሆነው ይኼ ነው?"

"ምናልባት፣ አንድ ቀን" አልኳት። አለቃዬ ሲያስጠራኝ እዚያው ትቻት ወጣሁ።

በማግስቱ ሳህኖቹ በሙሉ ጀርም ገብቶባቸው ደፍርሰው፣ ሸተው አገኘኋቸው። ቤት ሮጬ ምን እንደነካች ጠየቅኳት።

"ለልጄ ይሆናል ስላልከኝ ጠበል ረጨሁበት። ክዳኑንማ መልሼዋለሁ።"

ልጮህባት አፌን ከፈትኩ። እሷ ከጠርሙሱ የተረፈውን ጠበል ወንድሜ እግር ላይ ልታፈስ ጎንበስ ብላለች። እግሩ እየዛለ ከእጇ ይንሸራተትባታል።

ተንበርክኬ እግሩን ያዝኩላት።