የአናጢው ወልደአረጋይ መርዶ

ሸዋአየሁ ከመታመሟ በፊት በቂርቆስ ሰፈር እንደሷ ለፍላፊ አልነበረም። አባቷ አናጢው ወልደአረጋይ፣ «ይቺ ልጅ አፏን ካልዘጋች እኔ የሰው መዝጊያ መግጠም አልችልም» እያለ ያሾፍባት ነበር። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ለእናት ለአባቷም አንድ ናት።

በ1929 ዓ.ም. የካቲት፣ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ጣልያኖች ከተማውን በእሳትና በአካፋ ሲያምሱት ልጅቷ ከወንዙ ማዶ አክስቷ ቤት ነበረች። አባቷ ሊያመጣት ወጣ። ማምሻውን ብቻዋን ተመለሰች፤ ቀሚሷ ከላይ እስከ ታች ረጥቧል። እናቷ ለተገብርኤል «አባትሽስ?» ብትላት፣ «አላገኘሁትም» አለች። ከዚያ ወዲያ ያ ሁሉ ልፍለፋ ጠፋ።

እህል አልወርድ አላት፤ እንቅልፍም አጣች። ካሚዮን ባለፈ ቁጥር ግድግዳ ሥር ትኮማተራለች። የባሰው ደግሞ እጇ ነበር፤ ገና ሳታደርቀው ተመልሳ ትታጠባለች፣ ቆዳው ተሰነጣጥቆ ደም እስኪያወጣ ድረስ። የሰፈሩ ሰው ምርመራውን ባንድ ቀን ጨረሰ። ገሚሱ ዛር ነው አለ፣ ገሚሱ ቡዳ፣ ገሚሱ የወንዝ ጋኔን። የልጅ ልብም በሐዘን ይታመማል ብሎ ያሰበ አንድም አልነበረም።

ሰንበትበት ብሎ ቅቤ ነጋዴዋ ጎረቤታቸው እትዬ ቡዜ የሰማችውን ለእናትየው በጆሮዋ ነገረቻት። ወልደአረጋይ ወንዙ አፋፍ ላይ በአካፋ ተደብድቦ ተገድሏል፤ ሬሳውንም በካሚዮን ጭነው ወስደውታል። ለተገብርኤል ልትጮህ ስትል ቡዜ አፏን ያዘቻት።

«ኧረ ተይ ለተዬ! ልጅሽን ልትገድያት ነው? ለታመመ ሰው መርዶ ይነገራል እንዴ? መጀመሪያ ትዳን።»

በክፋት አልነበረም። በእኛ ወግ ለታመመ መርዶ አይነገርም፤ ማንም ሰው ቢሆን የሚላት ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ለተገብርኤል ጥቁር ሳትለብስ፣ ፀጉሯንም ሳትላጭ ቀረች። ለልጇ «አባትሽ መንዝ ገብቷል አሉ፣ ከአርበኞቹ ጋር ነው፤ ይመጣል» አለቻት። ሸዋአየሁ ራሷን ነቀነቀች። ውሸቱ እንዲታመን ደግሞ እናትየው ማታ ማታ የባሏን ድርሻ ቀንሳ፣ ከድና ታስቀምጥ ጀመር። ልጅቷ የተከደነውን ሳህን ታይና ያነሣችውን ጉርሻ መልሳ ታስቀምጣለች። እናትየው ይህንንም በሽታው ላይ ጨመረችው።

ክረምቱ ሲገባ ሸዋአየሁ ከፍራሿ የምትነሣው ለመታጠብ ብቻ ሆነ። ጠበል ወሰዷት። አጥማቂው «ተናገር! ስምህ ማን ነው?» እያለ ጀርባዋን በመስቀል ቢደበድባት ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች። ድዳ ጋኔን ነው ተባለ። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ንድድ ይለኛል። የዚያችን ጀርባ ያየ ሰው፣ አጥንቷን ያየ ሰው፣ ምነው ከጋኔን በፊት እሷን ቢያናግራት!

አንድ ቀን ጧት ለተገብርኤል ልጇን ውኃ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጣ፣ እግሮቿን ወደ ውስጥ ሰድዳ አገኘቻት። ጎትታ አወጣቻት። ለቡዜ አደራ ሰጥታት ወደ ነፍስ አባቷ ወደ ቄስ ገብረክርስቶስ ሮጠች።

«አባቴ፣ እስክትድን ብዬ የአባቷን መርዶ ደበቅኋት። አሁን እሷም ልትሞትብኝ ነው።»

ቄሱ ብዙ አላሰቡም። «እንግዲያማ ይነገራት። አልቅሳ ይውጣላት፤ ከዚህ የባሰ ምን ይመጣል?» አሉ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ እንደ መርዶ ወግ፣ ቄሱና ጎረቤቶቹ ተሰብስበው ገቡ። ለተገብርኤል የልጇን ፊት ለማየት አንጀቷ አልችል ብሎ ከመጋረጃው ጀርባ ቀረች። ሸዋአየሁ ሰዎቹን ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው ስታያቸው የመጡበት ነገር ወዲያው ገባት።

«ልጄ ሸዋዬ፣ አይዞሽ፣ አባትሽ...» ቄሱ ገና ሲጀምሩ ልጅቷ ከፍራሿ ተስፈንጥራ ተነሣችና አፋቸውን በመዳፏ ከደነች። ሰው ሁሉ ደነገጠ።

«ቀስ ይበሉ አባቴ» አለች በሹክሹክታ። «ዓይኔ እያየ ነው የገደሉት። ትተውት ሲሄዱ ደሙን በእጄ ላቆመው ሞክሬ ነበር፤ እንቢ አለኝ። በማርያም አይናገሩ! እማዬ ገና አልሰማችም፤ ከሰማች ትሞትብኛለች።»