የአክስቴ የጅቡቲ ፈረንሳይኛ

አዲስ የጨርቅ ጣቃ ሲዘረጋ የሚወጣው ሽታ አፍንጫዬን ሽው ሲለው፣ አክስቴ ጥሩነሽ ፈረንሳይኛ የተማረችበት ክረምት ትዝ ይለኛል። የአባቴ ታናሽ እህት ስትሆን ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ባለችው ጠባብ ቤታችን አብራን ትኖር ነበር። ፒያሳ በሰው ጨርቅ ቤት ተቀጥራ ለዓመታት ከሠራች በኋላ፣ ከእናቷ የወረሰችውን የወርቅ ሐብል ሸጣ፣ በባቡር ጅቡቲ ወርዳ ጨርቅ ልታመጣና የራሷን ሱቅ ልትከፍት ቆረጠች። የጅቡቲ ነጋዴ ግን የሚናገረው ፈረንሳይኛ ነው ብለው አስፈራሯት።

አባቴ በወጣትነቱ ባቡር ጣቢያ ትኬት ይቆርጥ ስለነበር ለገበያ የሚበቃ ፈረንሳይኛ ያውቅ ነበር። «ለገሃር ስትዪ እኮ ፈረንሳይኛ እየተናገርሽ ነው፣ ‹ላ ጋር› ባቡር ጣቢያ ማለት ነው፤ ምን ያስፈራሻል?» ይላት ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ አግዳሚ ወንበሩን ባንኮኒ አድርጎ፣ የእናቴን ነጠላ፣ ጃንጥላና ድስት ደርድሮበት የጅቡቲ ነጋዴ ይሆን ነበር። አክስቴ ትመጣና «ሴ ኮምቢያን?» ትለዋለች፣ ስንት ነው ማለት ነው፤ ዋጋ ሲጠራላት ፊቷን ኮስተር አድርጋ «ሴ ትሮ ሼር» ትላለች፣ በጣም ተወደደ ማለት ነው። እኔም ከጎኗ ቆሜ አብሬ እኮሳተር ነበር።

አንድ ቀን እናቴ ድስቷን ልታነሳ ስትመጣ አባቴ ክዳኑን ያዘና «መጀመሪያ ዋጋ ጠይቂ» አላት።

«የገዛ ድስቴን?»

«አሁን ያለነው ጅቡቲ ነው።»

«እንግዲያው ራትህንም ጅቡቲ ይሥሩልህ» ብላ ጥላን ወጣች፣ እኛም የዚያን ዕለት ዳቦ በሻይ በላን።

አክስቴን ያስቸገራት ቁጥሩ ነበር። አባቴ ደጋግሞ ቢያስጠናትም ይምታታባታል፤ በመጨረሻ «ቁጥሩ ይቅርብኝ ጋሼ፣ በወረቀት ይጽፉልኛል» ብላ ተወችው። እናቴ ለብቻቸው ሲሆኑ «ያን ሐብል ያህል ነገር አጥታ ባዶ እጇን ብትመለስስ?» ስትለው ሰምቼ እኔም ፍርሃት ያዘኝ።

ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ ለገሃር ሄደን ሸኘናት። በባቡሩ መስኮት ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቼ የምትጸልይ መስሎኝ ነበር፤ ጠጋ ብል ግን «ሴ ኮምቢያን» እያለች ነው። ከዚያ በኋላ ወሬዋ ጠፋ። አባቴ ከሥራ ሲመለስ በየቀኑ በለገሃር በኩል ዞሮ መምጣት ጀመረ፤ እናቴ ስትጠይቀው «መንገዱ ይሻለኛል» ይላት ነበር።

ኅዳር አጋማሽ ላይ በራችን ተንኳኳ። አክስቴ ፀሐይ አጥቁሯት፣ ከስታ፣ ጣቃ የተሸከሙ ሰዎች አስከትላ ገባች፤ ገና ሳትቀመጥ መሳቅ ጀመረች።

«የመጀመሪያው ሱቅ ገብቼ ሴ ኮምቢያን አልኩ። ባለሱቁ ሽማግሌ አንድ ነገር አሉኝ። አልገባኝም፣ ሴ ትሮ ሼር አልኳቸው። ሌላ ነገር አሉኝ፣ አሁንም ሴ ትሮ ሼር። ለሦስተኛ ጊዜ ተናገሩ፣ እኔም ያችኑ ደገምኩ። ሰውየው ሳቃቸው አላስቆም ብሏቸው ድሬዳዋ ያደገ አማርኛ የሚያውቅ ጎረቤታቸውን ጠሩ። ለካ ዋጋ የነገሩኝ አንዴ ብቻ ነው። ቀጥሎ ያሉኝ ቁጭ በይ ነው፣ ከዚያ ሻይ ልጋብዝሽ።»

አባቴ አይኑን አፍጥጦ «ሻይ ሲጋብዙሽ ተወደደ አልሻቸው?» አላት።

«ወንበሩም ተወዶብኛል።»

እናቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ የስንት ሳምንት ጭንቀቷ አብሮ የወጣ ይመስለኛል። ሽማግሌው ዋጋውን በገዛ ፈቃዳቸው ቀንሰውላት፣ የትኛው ነጋዴ እንደሚታመንም ነግረዋት ነበር፤ ከዚያ በኋላም ለዓመታት ደንበኛቸው ሆና ቆየች።

ለፋሲካ ሱቋ ተከፈተ። ከፒያሳ ወደ ታች በሚወርደው መንገድ ዳር ያለ፣ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው በር ላይ የሚቆምበት ሱቅ ነበር። እናቴ ለኔ ቀሚስ የሚሆን ሰማያዊ ጨርቅ ስትመርጥ፣ አክስቴ ሳትለካ በረጅሙ ቀደደችላት።

ዛሬ ሱቁ የነበረበት ቦታ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል። ልጄ ልብስ የምትገዛው በስልኳ ነው፤ ዋጋው ከፎቶው ሥር ተጽፏል፣ የሚጠይቅም የሚከራከርም የለም። እኔም እንደዚያው እገዛለሁ፣ ጊዜ ይቆጥባል። ባለፈው ሳምንት ግን ዕቃ የሚያደርስልን ባለሞተር ሲመጣ በሩን የከፈተችው ልትጠይቀን የመጣችው አክስቴ ነበረች። ሰፈሩ የት እንደሆነ ጠየቀችው፣ ስለ እናቱ ጠየቀችው፣ እሱም ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ስንት ጊዜ በራችንን ያንኳኳው ልጅ ስሙ ማን እንደሆነ ያወቅነው ያን ቀን ነው።