ከፊት ቆርቆሮ፣ ከኋላ ሳር

ደባርቅ ላይ በነሐሴ ግድግዳ የሚመርግ ሰው የለም። ጭቃ የሚመረገው መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ሰማዩ ሲጠራና ፀሐይዋ ስትጠነክር ነው። አልጣሽም ይህን ታውቃለች። እያወቀች ነው በነሐሴ አጋማሽ እጇን እስከ ክርኗ ጭቃ ውስጥ የከተተችው።

ነገሩ የጀመረው በ1976 ዓ.ም.፣ በሐምሌ፣ ቀበሌው ስብሰባ የጠራ ዕለት ነው። አብዮቱ አሥር ዓመት ሊሞላው ነበር። በመኪናው መንገድ ግራና ቀኝ ያለ ቤት ሁሉ እስከ ጳጉሜን ሦስት ድረስ ጣራው ቆርቆሮ፣ ግንባሩ ነጭ ይሁን ተባለ። ያልቻለ ቦታውን ለሚችል ይለቃል፤ ለእሱ ከመንገዱ ርቆ ከከተማው ጀርባ ካለው ጉድባ ማዶ ምትክ ይሰጠዋል። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አልጣሽም ልጇን ስጦታን በጉልበቷ ላይ እንዳስቀመጠች አጨበጨበች።

ቤቷ ከአውቶቡስ መቆሚያው ፊት ለፊት ያለች የሳር ክዳን ሻይ ቤት ናት። ሹፌሮች የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ከመውረዳቸው በፊት እዚያ ቆመው ፍሬናቸውን ያያሉ። መንገደኛው ደግሞ በዚያች መሃል የአልጣሽን ዳቦ ይበላል፣ ሻይዋን ይጠጣል። እሷና ልጇ የሚኖሩት በዚያች ግማሽ ሰዓት ነው። ከጉድባው ማዶ ማን ሻይ ፍለጋ ይሻገራል? ባሏ ዳምጤ በመጀመሪያው ዙር ብሔራዊ ውትድርና ሄዷል። ሲሄድ አሥራ አራት ቆርቆሮ አልጋው ሥር አስተኝቶ፣ «ስመለስ ቤቱን አለብሰዋለሁ» ብሏት ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጣው አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው።

አናጢው መጥቶ ቆርቆሮውን ቆጠረ፤ ጣራውን ለካ፤ ራሱን ነቀነቀ።

«ይኼ የፊቱን ብቻ ነው የሚችል።»

«የፊቱን አልብስልኝ» አለች አልጣሽ። «የኋላው ሳር ይቆይ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የሚያልፈው በፊት ነው።»

ጎረቤቷ ማንጠግቦሽ አጥሩ ላይ ተደግፋ ትሰማ ነበር። ማንጠግቦሽ በሐዘን ቤትም ቢሆን ቀልድ የማይጠፋት ሴት ናት። «እንግዲህ ቤትሽ ከፊት ከተሜ ከኋላ ባላገር ሊሆን ነው» አለች። «ልክ እንደኔ ባል፤ ከላይ ኮት፣ ከታች ቁምጣ።»

በነገሩ ያልሳቁት አያ ሻረው ብቻ ናቸው። አያ ሻረው ዕድሜያቸውን የሳር ቤት ሲከድኑ የጨረሱ ሽማግሌ ናቸው፤ የአልጣሽን ቤትም የከደኑት እሳቸው ናቸው። ጣራቸው ሊፈርስ መሆኑን ሰምተው ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። አናጢው የፊቱን ሳር እየገፈፈ ሲጥል አዩና አልጣሽን ጠሯት።

«ነይማ ልጄ። ይኼ ሳር ከግድግዳው ክንድ ያህል አልፎ የተንጠለጠለው ለጌጥ ይመስልሻል? የግድግዳሽ ጃንጥላ ነው። ቆርቆሮውን ከግድግዳው አፋፍ ላይ ካስቀረሽው ጭቃሽን ጠፈጠፍ ይበላዋል።»

«አውቃለሁ አያ ሻረው። ግን ወደ ታች ክንድ ላውጣ ካልሁ ከላይ አናቱ ላይ አይደርስልኝም። አናቱ ላይ ከሳሩ ጋር ካልተደራረበ ደግሞ ውኃው በልጄ አልጋ ላይ ነው የሚወርደው።»

ሽማግሌው ጣራውን ቀና ብለው አዩ፤ ግድግዳውን አዩ፤ ስጦታን አዩ። «እንግዲህ አንቺው ነሽ የምትመርጭ» አሉ።

አልጣሽ አናቱን መረጠች። ልጅ ካላት ሴት ሌላ ምን ይጠበቃል? ቆርቆሮው አናቱ ላይ ከሳሩ ጋር ሁለት ስንዝር ያህል ተደራረበ። በታች በኩል ግን ከግድግዳው ጣት እንኳ ሳያልፍ ቆመ።

ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አሥራ ሁለት ቀን አቡክታ፣ ጧትና ማታ እየረገጠች አዘጋጅታው ነበር። ነጩ እንዲይዝላት የግንባሩን አሮጌ ምርጊት አራግፋ በነሐሴ አሥራ ስምንት መረገችው። እጇ ስንጥቅጥቅ እስኪል አለሰለሰችው፤ ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ወጥታ በመዳፏ እየነካች መድረቁን ትጠይቀዋለች። ሌላ ሰው ሰማይ የሚያየው ለእርሻው ነው፤ እሷ የምታየው ለግድግዳዋ ሆነ። ሻይ ስትቀዳ ዓይኗ ውጭ ነው፤ ስኳር ሁለት ጊዜ ጨምራለት አንድ መንገደኛ፣ «እኅቴ፣ ማር ነው እንዴ የምትሸጭው?» ብሏታል።

በነሐሴ ሃያ ስድስት ከቀትር በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣለ። ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ እንደ ድንጋይ ናዳ ይጮኻል፤ ስጦታ በጩኸቱ ደንግጣ አለቀሰች። አልጣሽ ልጇን አዝላ በሩ ላይ ቆመች። ውኃው ከቆርቆሮው ጫፍ እየወረደ ወደ ግድግዳው ይታጠፋል፤ መሬት ሲመታም እየፈነጠረ የግድግዳውን እግር ይግጠዋል። መጀመሪያ አንድ ቁና የሚያህል ወደቀ። ከዚያ በር የሚያህል። ዝናቡ ሲያባራ የቤቱ ግንባር ማገሩ እንደ ከሳ በሬ ጎድን ገጥጦ ይታይ ነበር።

የቀራት ሰባት ቀን ነው። አዲስ ጭቃ ሳይቦካ ቢመረግ ይሰነጠቃል፤ ይቡካ ቢባል ደግሞ ሰባት ቀን አይበቃውም። አልጣሽ በጣቷ ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች፤ ቀኖቹ አልጨመሩም። ዳምጤ አንድ ቀን ከአውቶቡስ ወርዶ ሌላ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ሲያገኝ ታያት። «ሚስቴና ልጄ የት ሄዱ?» ሲል ታያት። አካፋውን አንስታ የወደቀውን ጭቃ ወደ ቦዩ መጣል ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አሉ አያ ሻረው። መቼ እንደመጡ አላየቻቸውም።

«ልጠርገው ነው።»

«ዳቦ ትሸጫለሽ አይደል?»

«አዎ።»

«የቦካ ሊጥ መሬት ቢወድቅብሽ አንሥተሽ ትጥይዋለሽ?»

አልጣሽ አካፋዋን እንደያዘች ቀረች። ጭቃው ጭዱ ገብቶበታል፤ ቦክቷል፤ ወደቀ እንጂ አልሞተም። ውኃ ረጭቶ እንደገና መርገጥ ብቻ ነው። ሽማግሌው ቀሚሷን እንድትሰበስብ በምርኩዛቸው ምልክት ሰጧት። «ደግሞም እግሩን በድንጋይ ክበቢው፤ ጭቃ ከመሬት ጀምሮ አይመረግም። ከላይም ውኃውን ከግድግዳው የሚያርቅ ክንፈፍ ፈልጊ። ሳር ብሰጥሽ ደስ ባለኝ፤ ግን ከፊት ሳር ካዩብሽ ተመልሰሽ እዚያው ነሽ።»

እሷና ማንጠግቦሽ ከወንዙ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ በጀርባቸው አመላለሱ። «ባሌ አንድ ቀን እንዲህ ቢያዝለኝ ምን ነበረ» እያለች ማንጠግቦሽ ታጉረመርማለች፤ ግን እኩል ነው የተሸከመችው። ድንጋዩ ከግድግዳው ሥር እስከ ጉልበት ተደረደረ። ከድንጋዩ በላይ የረገጡትን ጭቃ መረጉ። በጭቃው ላይ ከዳባት፣ ከአልጣሽ እናት ዘንድ የመጣ ነጭ አፈር በአመድ ተበጥብጦ ተቀባ።

ክንፈፉ ነው የቸገረው። በመጨረሻ አልጣሽ ከጓዳ የተጠራቀሙትን ባዶ የዘይት ታኒካዎች አወጣች። ቀደደቻቸው፣ በድንጋይ ላይ በመዶሻ ደበደበቻቸው፣ ዘጠኝ ጠፍጣፋ ቆርቆሮ ወጣቸው። አናጢው በወራጆቹ ጫፍ ላይ ቁራጭ እንጨት ቀጥሎ ከጣራው በታች አስረዝሞ መታቸው፤ ክንድ ባይሞላም ክንድ የሚጠጋ ክንፈፍ ሆነ። አንድ ነገር ግን ነበር። ታኒካዎቹ አብዮቱ ጠላቴ ከሚለው አገር የእርዳታ ዘይት የመጣባቸው ናቸው። በአንድ ገጻቸው ላይ የፈረንጅ ጽሑፍና የሚጨባበጡ ሁለት እጆች ተሥለውባቸዋል። ለአብዮት በዓል ግንባር ላይ እንዲህ ያለ ነገር መስቀል በራስ ላይ ጣጣ መፈለግ ነው። አልጣሽ ሥዕሉን ወደ ታች አስገለበጠች። መንገዱን ተሻግራ አየች፤ ጽሑፍ አይታይም። ወደ ላይ ሄዳ፣ ወደ ታች ሄዳ አየች፤ አይታይም። ያን ዕለት ትንሽ እንቅልፍ ወሰዳት።

ጳጉሜን ሦስት ሩፋኤል ነው። በሩፋኤል የሚዘንበው ዝናብ ጠበል ነው ተብሎ የከተማው ልጅ ሁሉ ልብሱን ጥሎ ይወጣል፤ ሴቱም ቡሃቃውን ደጅ ያወጣል፣ ሊጡ እንዲባረክ። ያን ቀን ዝናብ እንዲመጣ የማይጸልይ ሰው ቢኖር አልጣሽ ብቻ ናት። ግድግዳው ገና እርጥብ ነበር። «ቅዱስ ሩፋኤል፣ ዛሬን ብቻ ወደ ሌላ አገር አዝንበው» አለች በልቧ። ወዲያው ደግሞ ባለችው ደንግጣ አማተበች።

ሩፋኤል አልሰማትም። ወደ አራት ሰዓት ገደማ ከተራራው የመጣ ዝናብ ከተማውን አለበሰው። ልጆቹ እየጮኹ ወጡ። ማንጠግቦሽም ቡሃቃዋን ይዛ፣ «ነይ ሊጥሽን አውጪ እንጂ» ስትል፣ ሦስት ሰዎች ከላይ በኩል ጃኬታቸውን በራሳቸው ላይ አድርገው ሲሮጡ መጡና ከአልጣሽ ክንፈፍ ሥር ገቡ። ቤቶቹን ሊያይ የወጣው የበዓሉ ኮሚቴ ነው። ፊተኛው የቀበሌው ሊቀመንበር ነበሩ፤ ክርስትና ሲነሡ ሀብተ ሚካኤል ተብለው፣ ዛሬ ሚካኤሉን ትተው ጓድ ሀብቴ የሚባሉ። ጸሐፊው ደብተሩን በሸሚዙ ውስጥ ሸሽጎታል።

አልጣሽ ስጦታን አዝላ እጅ ነሣች። አያ ሻረውም አግዳሚው ላይ ነበሩ።

ሊቀመንበሩ ግድግዳውን በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት። ጣታቸው ነጭ ሆነ፤ ግድግዳው ላይም ምልክቱ ቀረ።

«አልደረቀም።»

«እየደረቀ ነው ጓድ» አለች፤ ድምጿ ለራሷም ደረቀባት።

ጓድ ሀብቴ ጠፈጠፉን አዩ። ውኃው ከታኒካው ጫፍ ከግድግዳው ርቆ ይወርዳል፤ ድንጋዩ ላይ ይፈነጥራል፤ ጭቃውን አይነካም። የረኩ መሰሉ። ከዚያ ክንፈፉ ከየት እንደመጣ ለማየት ቀና አሉ።

አልጣሽ ያኔ ነው የገባት። ከመንገድ የሚያይ አያነበውም፤ ተጠልሎ ቀና ያለ ግን ዘጠኙንም ያነባል። ዘጠኝ ጊዜ የሚጨባበጡ እጆች ከሊቀመንበሩ ራስ በላይ ተደርድረዋል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

አልጣሽ በጀርባዋ የምትፈራገጠውን ስጦታን አጥብቃ አዘለች።

«እጅ ነው» አሉ አያ ሻረው ከተቀመጡበት። «በየስብሰባው እጅ ለእጅ እንያያዝ ትሉን የለም? ይችም ሰምታ ነው።»

ጸሐፊው ሳቁን በሳል ሸፈነው። ሊቀመንበሩ አልሳቁም። «ይኼን ሌላ ሰው ቀድሞኝ አይቶት ቢሆን፣ የሚጠየቀው እኔ ነበርሁ» አሉ ቀስ ብለው። ቀጥለውም፣ «ኋላውስ?» አሉ።

መዋሸት ትችል ነበር፤ በዚያ ዝናብ ዞሮ የሚያይ የለም። ግን ነገ ቢያዩትስ? ምላሷ ከልቧ ቀደመ።

«ሳር ነው። ቆርቆሮው አልበቃም። ዳምጤ ሲመለስ ይሞላዋል ብዬ ነው።»

የዳምጤን ስም በውትድርናው ዝርዝር ላይ ያሰፈሩት ጓድ ሀብቴ ራሳቸው ናቸው። ሁለቱም ያውቁታል።

«ደብዳቤ ይመጣል?»

«አንድ መጥቷል።»

ሊቀመንበሩ የውኃውን ብርታት እንደሚያይ ሰው እጃቸውን ወደ ጠፈጠፉ ዘረጉ። መዳፋቸው ሞላ። ጸሐፊው ደብተሩን ሲፈልግ፣ መዳፋቸውን ግንባራቸው ላይ አሳለፉት። አልጣሽ ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች፤ አያ ሻረው ግን ሁሉንም አዩ።

«ጻፍ» አሉ ጓድ ሀብቴ። «ፊቱ ተሟልቷል። የኋላው እስከ ከርሞ። ከበዓሉ ቅስት የተረፈ ቀይ ቀለም አለ፤ ሰው እልካለሁ። ክንፈፉ ከሥሩም ከላዩም ዛሬውኑ ይቀባ።»

ዝናቡ ሳያባራ ሄዱ። አልጣሽ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ማንጠግቦሽ መጥታ ሊጧን ራሷ ደጅ አወጣችላት።

ከሰዓት በኋላ ክንፈፉ ቀይ ሆነ። ቀለሙ ጥቂት ጠብ ጠብ ብሎ ጥቁሩን ድንጋይ አዥጎረጎረው። አሁን ከመንገድ ማዶ ቆሞ ለሚያይ ቤቱ ከሥር ጥቁር፣ ከመሃል ነጭ፣ ከዚያ ቀይ፣ ከላይ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ነው። የሊቀመንበሩ አውራ ጣት ያረፈበት ቦታ ብቻ ጎድጉዶ ደረቀ፤ አልጣሽ ልትሞላው ጭቃ ይዛ ቀርባ ተወችው።

እስከ ከርሞ ማለት ሌላ አሥራ አራት ቆርቆሮ ነው። ከየት እንደሚመጣ አታውቅም። ማምሻው ላይ ዝናቡ ሲመለስ ከፊት በኩል ይንጫጫል፤ ስጦታ በተኛችበት ከኋላ ግን ድምፅ የለም፤ ሳሩ ዋጥ ያደርገዋል። አልጣሽ በሁለቱ መካከል ተቀምጣ፣ ይደርሰው አይደርሰው እንደሆነ ሳታውቅ፣ ለዳምጤ ጻፈች።

«ቤታችን በቦታው አለ። ከአውቶቡስ ስትወርድ ሳሩን ፈልገህ እንዳታልፈው። ከሥሩ ጥቁር ድንጋይ፣ ከላይ ቀይ ክንፈፍ ያለው ነው። ከተጠራጠርህ በኋላ በኩል ዙር፤ ሳሩ እዚያ ነው።»