የአባባ ይመር ኮተት

ሥራ የጀመርኩ ቀን ነጭ ጋዋኔን ተኩሼ፣ ጫማዬን ወልውዬ ገባሁ። የተመደብኩት ደሴ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ የወንዶች ቀዶ ሕክምና ክፍል ነበር። መርፌ ወጊ፣ ቁስል እጠቢ እባላለሁ ብዬ ስጠብቅ፣ የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አስናቀች ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና «ነይ፣ መጀመሪያ ከኮተቴ ጋር ላስተዋውቅሽ» አለችኝ።

ኮተቷ አንድ መሳቢያ ሙሉ ነበር። የፕላስተር ትርፍራፊ፣ የግሉኮስ ቱቦ ቁራጭ፣ መርፌ ቁልፍ፣ የጫማ ክር፣ የብልቃጥ ክዳን። እኔ በተፈጥሮዬ ዝርክርክ ነገር አልወድም፤ ምን ቤት ገባሁ አልኩ በሆዴ። ከሰዓት በኋላ የአንዱ አልጋ መደገፊያ ተነቅሎ በሽተኛው ሊወድቅ ሲል፣ ያንኑ ቱቦና የጫማ ክር አውጥታ አሰረችው። ጥገና ክፍል እስኪመጣ ድረስ አልተነቃነቀም። ጥገና ክፍል ደግሞ ቶሎ የሚመጣ አልነበረም።

አንቱ ስላት «ገና አላረጀሁም» ብላ ከለከለችኝ። ከዚያ ወዲህ አንቺ እላታለሁ፤ ክብሯን ግን አንድም ቀን አልቀነስኩባትም።

በዚያ ክፍል ኮተት የማይባል ነገር አልነበረም። ጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ይዛ ስትገባ «ኮተታችሁን አንሱ!» ብላ ትጮሃለች፤ ያን ጊዜ ኮተት ማለት ከአልጋ ሥር ያለው ጫማና ፌስታል ነው። ዶክተሩ በጉብኝት ሰዓት፣ ሕመሙን ከአምና መኸር ጀምሮ የሚተርከውን ገበሬ «ኮተቱን ተወውና የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» ይለዋል። ከደጋን ከተማ የመጣች አስታማሚ ሳህኗን በፎጣ ሸፍና «ኮተት ናት፣ አትናቁኝ» ስትል ደግሞ ክዳኑ ሲነሳ ዶሮ ነው። የመጨረሻውን ዓይነት ኮተት እኔም እወደው ነበር።

ሲስተር አስናቀች ቃሉን ማን እንዳለው ለይታ ትሰማለች። «ዶክተሩ ኮተት ሲል የማይጠቅም ማለቱ ነው፤ በሽተኛው ሲል ግን ጠጋ ብለሽ እዪ» ትለኝ ነበር። ነገሩ የገባኝ አባባ ይመር የመጡ ዕለት ነው።

አባባ ይመር የደሴ ዙሪያ ገበሬ ናቸው። ክረምት ነው፤ ጉሙ መስኮታችን ላይ ተኝቷል። ቡኣቸው ታንቆ፣ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ትንሹ ልጃቸው ይዟቸው ደረሰ። የቀዶ ሐኪሙ ገና እንዳያቸው ኦፕራሲዮን ክፍሉ ይዘጋጅ አለ። ልጁ ወንድሙን ሊጠራ ወደ አገር ቤት ተመለሰ፤ እሳቸውም በጣታቸው ፈርመው ተስማሙ። ስትሬቸሩን ስናስጠጋ ግን በሽርጥ የተቋጠረች ነገር ደረታቸው ላይ ይዘው አልለቅም አሉ።

«አባባ፣ ይቺን ለእኛ ይስጡን፤ ከውጭ የመጣ ጨርቅ እዚያ አይገባም» አልኳቸው።

«ኮተት ናት ልጄ። ምንም አይደለች። ግን ከኔ ጋ ትሁን።»

«ፌስታል ውስጥ አድርጌ አስቀምጥልዎታለሁ።»

ፌስታል የሚለውን ሲሰሙ ቋጠሯቸውን ጭራሽ አጠበቁ። «ወላሂ አልገባም!»

ሐኪሙ ራሱ መጣ። ወጣት ነው፤ ግን ትዕግሥት ነበረው። «አባባ፣ አንጀትዎ ታንቋል። በቆየን ቁጥር እየሞተ ነው። ከዚህ በላይ ከዘገየን ላናተርፍዎት እንችላለን» አላቸው። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። እኔ ተናደድኩ። በአንዲት ቋጠሮ ምክንያት ሰው እየሞተብን ነው ብዬ ነው የተናደድኩት።

ሲስተር አስናቀች መጥታ ስትሬቸሩ አጠገብ ቁጢጥ አለች፤ ፊቷ ከፊታቸው ትክክል ሆነ። «ፈተው ያሳዩኝ አልልም አባባ። እርስዎ እስኪመለሱ ማን እጅ ትቀመጥ?» አለቻቸው።

ዞረው አዩዋት። «ካልተመለስኩስ?»

እኔ ብሆን «አይዞዎት፣ ይመለሳሉ» እል ነበር። እሷ ግን «ካልተመለሱ ምን ላድርግባት?» ብላ ጠየቀች።

ያኔ የሽማግሌው ድምፅ ዝቅ አለ። ስትሬቸሩን ይዤ ስለነበር ሰማሁ። «ከፈኔ፣ መገነዣዬ ነው፣ ልጄ። ልጆቼ ሳይደርሱ አጀሌ ቢመጣ በሰው አንሶላ እንዳልቀበር ብዬ ነው የያዝኩት። እነዚያ የሚጠርጉት ልጆች ኮተት ነው ብለው እንዳይጥሉብኝ።»

ክፍላችን ውስጥ ባለሁለት ቁልፍ ቁም ሣጥን ነበር። ጠንካራ ማስታገሻዎች ብቻ ይቀመጡበታል፤ ሌላ ነገር ማስገባት ክልክል ነው። ስትሬቸሩን በዚያ በኩል አስገፋችኝ። እያዩ ከፍታ፣ ቋጠሯቸውን በሁለት እጇ አስገብታ፣ ሁለቱንም ቁልፍ ቆለፈች። «ካልተመለሱ ከልጆችዎ እጅ አደርሳታለሁ። ካልደረሱም በእርሷው ይከፈናሉ፤ ቆሜ አስፈጽማለሁ» አለቻቸው።

«በሉ እንግዲህ፣ ቢስሚላህ» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

እሳቸው ኦፕራሲዮን ላይ ሳሉ ሜትሮኗ ለቁጥጥር መጣች። ሜትሮን ማለት የነርሶች ሁሉ አለቃ ናት፤ እኛ እንኳን እሷን ጫማዋን እንፈራለን። ቁም ሣጥኑን አስከፍታ «ይሄ ምንድነው?» አለች።

«ኮተት ነው» አለች ሲስተር አስናቀች።

«ኮተት እዚህ ይቀመጣል እንዴ?»

«ዛሬ ይቀመጣል።»

ሜትሮኗ ቋጠሮውን አየች፣ እሷን አየች፣ በሩን ራሷ ዘጋችው። ሲስተር አስናቀች የሰው ምስጢር ሳታወጣ፣ ሳትዋሽም፣ በዚያች አንዲት ቃል ሸፈነችላቸው። ያን ቀን እንደሷ መሆን ተመኘሁ።

አንጀታቸው ተርፎ ተመለሱ። «አልሐምዱሊላህ» ካሉ በኋላ የጠየቁት የመጀመሪያ ነገር ቋጠሮዋን ነበር። «እንደቆለፍናት ናት» ስንላቸው እንቅልፍ ወሰዳቸው። በነጋታው ልጆቻቸው ቢደርሱም «እዚያው ትሁን፤ እንደዚያ ያለ ሣጥን እኛ ቤት የለም» ብለው አሳቁን።

ከጎናቸው ገብሬ የሚባል ጎልማሳ ተኝቷል። ኮምቦልቻ ሕንፃ ሥራ ላይ ወድቆ ነው የመጣው፤ ከሥራ ጓደኞቹ በቀር ዘመድ አልነበረውም። አስታማሚ ስለሌለው የአባባ ይመር ልጆች ለአባታቸው ያመጡትን ያጎርሱት፣ ሲያቃስት ያገላብጡት ነበር። ብዙ ታገልንለት፤ ግን አንድ ጠዋት አረፈ።

ጓደኞቹ ከነሥራ ልብሳቸው መጡ። ቤተ ክርስቲያን የመቃብር ቦታ አግኝተውለታል፤ የሚገነዝበት ጨርቅ ግን የለም። ከመጋዘን ያገኘሁት ያረጀ አንሶላ ብቻ ነበር፤ እሱም መሐሉ የተቀደደ። ይዤው ስገባ አባባ ይመር አዩኝ።

«ያቺን ኮተቴን አምጪልኝ» አሏት ሲስተር አስናቀችን።

አመጣችላቸው። ሽርጡን ራሳቸው ፈቱት፤ እጥፉ ያልተነካ ነጭ አቡጀዲ ነው። «ለሱ ይሁን» አሉ።

ትልቁ ልጃቸው እጁን ጨርቁ ላይ ጫነ። ሲስተር አስናቀች «አባባ፣ ገብሬ እኮ ክርስቲያን ነው» አለቻቸው።

«ጨርቁ ምን አለው?» አሉ። «እኔ አላህ ዕድሜ ከሰጠኝ ሌላ አስገዛለሁ። እሱ የሚሄደው ዛሬ ነው።»

ሲስተር አስናቀች አለቀሰች። ስታለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም አለቀስኩ። ትልቁ ልጅ ተነስቶ ጨርቁን ከአባቱ እጅ ተቀበለና አስከሬኑን ከገብሬ ጓደኞች ጋር ተሸክሞ ወጣ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። የደሴ ብርድ ጉልበቴን ስላስቸገረው የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ወጣት ነርሶች እየመጡ፣ ኦፕራሲዮን አልገባም ያለን በሽተኛ እንዴት እናሳምን ይሉኛል። በሽተኛው ካልተመለሰ ምን እንዲደረግለት እንደሚፈልግ ጠይቁት። የሚላችሁን ስሙ፤ ቃል የገባችሁለትንም ፈጽሙ እላቸዋለሁ።